ከመሬት በላይ፣ ከሸራ በታች

ሐምሌ ውስጥ አዲስ አበባ ላይ «ዛሬ ይዘንብ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ያስኬዳል። ሚዛን ተፈሪ ላይ እንዲህ የጠየቀ ሰው እንግዳ መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል። እዚያ የሚጠየቀው ሰዓቱ ነው፤ ከምሳ በፊት ወይስ ከምሳ በኋላ? መሃል አገር ክረምት ብሎ ሦስት ወር የሚታገሠው ነገር በደቡብ ምዕራቡ ከመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ደኖች በኩል እርጥበት አዝሎ የሚመጣው ነፋስ ሽቅብ ሲወጣ መጀመሪያ ከሚገጥሙት ተራሮች መካከል የሸኮ፣ የሸካና የከፋ ይገኙበታል፤ ጭነቱንም እዚያው ያራግፋል። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊሜትር ይጠጋል ሲባል ለጆሮ ቀላል ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነች መሬት ላይ ባለ 200 ሊትር በርሜል አሥር ጊዜ ሲገለበጥ ማሰብ ግን ሌላ ነው።

እኔ ታዲያ ይህንኑ ውኃ ፍለጋ ነው የሄድኩት። የቡና ጫካን በበጋ አይቼዋለሁ፤ ያምራል። ነገር ግን ያ ጫካ የሚያድገው፣ ፍሬውን የሚሞላው፣ ሐረጉን የሚዘረጋው በዝናብ ነውና ሥራ ላይ ሳለ ልየው፣ ከተቻለም አብሬው ልደር ብዬ ተነሣሁ። ድንኳን አልያዝኩም። ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ የላከችልኝ፣ አጎበር የተሰፋበት ሃሞክ፣ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ስስ ሸራ፣ ገመድ፣ ዛፍ የማይቆርጥ ጠፍጣፋ ማሰሪያና አንድ የስፖንጅ ምንጣፍ ነበር ጓዜ። ሃሞክ በሁለት ዛፎች መካከል የሚንጠለጠል፣ የካሪቢያን ደሴቶች ነባር ሕዝቦች ይተኙበት የነበረ አልጋ ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ደርሶ አየው፤ ከዚያ በኋላ የአውሮፓ መርከበኞች ለብዙ ዘመን የተኙት በእሱ ላይ ነው። የተፈለሰፈው መሬቱ ርጥብና ተናካሽ በበዛበት አገር መሆኑን ልብ ይሏል።

ከአዲስ አበባ በጅማና በቦንጋ አድርጎ ሚዛን ወደ 560 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ጅማ ያለውን አላወራም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ቦንጋ አካባቢ ግን የውሽውሽ የሻይ ማሳ በኮረብታው ላይ እኩል ተከርክሞ ሲታይ፣ ከዚያም ጉም መንገዱን አንዴ ሲውጠው አንዴ ሲተፋው፣ መኪና ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወሬ ያቆማል። እንደኔ ከሆነ በአገራችን በአስፋልት ላይ ተቀምጦ የሚታይ ከዚህ የበለጠ አረንጓዴ የለም። ተከራካሪ ካለ በሐምሌ ይሂድና ይይ።

ሚዛን ገበያ ውስጥ መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው የተንጠለጠለው ነገር ብዛት ነው። ኮረሪማው በክር ተሰክቶ ተንጠልጥሏል። ሙዙ ከነግንዱ ከማገር ላይ ወርዷል። ባዶ ከረጢት፣ ገመድ፣ ፌስታል፣ የጎማ ቦቲ ሁሉ ከላይ ነው የተሰቀለው። እርጥብ አገር መሬትን አያምንም። ይህን ነገር በዚያች ሰዓት እንደ ቀልድ ነበር ያየሁት፤ ጫካው ውስጥ ስገባ ሁሉም ነገር በዚሁ ሕግ እንደሚኖር ተረዳሁ።

ከሚዛን ወደ ደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲወርዱ በበቃ አለ፤ ወደ 10,000 ሄክታር በሚሆን አንድ ይዞታ ላይ ያለ የቡና እርሻ፣ በአገሪቱ ከትልልቆቹ አንዱ። ቡናው በረድፍ ቆሟል፣ ጥላ የሚሆኑት ዛፎች በልክ ተራርቀዋል፣ መንገዱም ቀጥ ያለ ነው። አደነቅኩና ተመለስኩ። እኔን የሚጠራኝ ማንም ያልተከለው ቡና ነበር። እሱ ያለው ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ፣ ሸኮ ከተማ የተቀመጠችበትን ሸንተረር ተከትሎ ነው። ብርሃነ ኮንትር ይባላል ጫካው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የጀርመኑ ቦን ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የዱር ቡናን ለማጥናት ሲነሡ ከሐረና፣ ከቦንጋና ከያዩ ጋር የመረጡት ይህንን ነው። ከዚህ በስተደቡብ፣ በማጂ አቅጣጫ፣ የጌሻ ጫካ አለ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማጂ ተቀምጦ የነበረ የእንግሊዝ ቆንስል ከዚያ አካባቢ ያስለቀመው ዘር ኬንያንና ታንዛንያን አልፎ በ1953 ኮስታ ሪካ ገባ፤ ከዚያ ፓናማ ተሻገረ፤ በ2004 በፓናማው የቡና ውድድር አንደኛ ወጥቶ የቡናውን ዓለም አናጋው። ዛሬ በየአገሩ አንዱ ስኒ በብዙ ዶላር ሲሸጥ፣ የዘሩ ዘመዶች እዚህ ሐረግ ተጠምጥሞባቸው፣ ዝናብ እየጠጡ፣ ዋጋቸውን ሳያውቁ ቆመዋል።

ጫካ ውስጥ ለማደር መጀመሪያ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ግራ ገባው፤ ሆቴል እንዳለ ነገረኝ። ሆቴሉን እንደማውቀው ስነግረው የበለጠ ግራ ገባው። በመጨረሻ ቀፎ ሰቃይ የሆኑ አንድ የሸኮ ብሔረሰብ አዛውንት ጠርቶ ለሳቸው አስረከበኝ።

«ድንኳንህ የት አለ፣ ልጄ?» አሉኝ ገጀራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወሩ።

«ድንኳን የለኝም ጋሼ። ዛፍ ላይ አስሬ ነው የምተኛው።»

«ንብ ነህ?»

ስቄ ዝም አልኩ፤ ጥያቄው ግን ከምር ነበር። እዚያ አገር ዛፍ ላይ የሚያድር ንብ ነው። ቀፎው ከግንድ ተቦርቡሮ ይሠራል፤ ከዚያም ሰው ሐረግ ወይም ገመድ ይዞ እስከ ቅርንጫፉ ጫፍ ይወጣና እዚያ ያጋድመዋል። ዛፉም ባለቤት አልባ አይደለም። በሸካ በኩል ኮቦ ይሉታል፤ አንድ ቤተሰብ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ቀፎ የሚሰቅልበት የጫካ ክፍል ማለት ነው። ከውጭ ለሚመጣ ሰው ጫካው ወጥ ሆኖ ይታየዋል፤ ለሳቸው ግን ይህ ዛፍ የእገሌ፣ ያ ዛፍ የእገሌ ልጆች ነው። ስለዚህ ማሰሪያዬን ከማውጣቴ በፊት የተነሣው ጥያቄ የማን ዛፍ ላይ ነው የምትተኛው የሚል ነበር።

ዛፍ መረጣውን ሳስታውሰው እስካሁን ደስ ይለኛል። እኔ ግንድ ግንዱን ሳይ እሳቸው አንጋጠው አናት አናቱን ነው የሚያዩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዛፎች ገና ሳልነካቸው ሰረዟቸው፤ አንደኛው አናት ላይ ቀፎ አለ፣ ጎህ ሲቀድ ንቡ ይወጣል። ቀጥሎ ያየነውን አንድ ትልቅ ዛፍ የሾላ ዘመድ የሆነ ሌላ ዛፍ ዙሪያውን አንቆ ይዞታል። ሲያዩት ብርቱ ነው፤ እሳቸው በገጀራው ጀርባ መታ መታ አደረጉትና «ውስጡ ሞቷል» አሉ። ቀረሮዎቹ ደግሞ ከአርባ ሜትር በላይ የሚመዘዙ ናቸው፤ ግንዳቸውን ማሰሪያዬ አይዞረውም፤ መብረቅም የረዘመውን ይወዳል። በመጨረሻ አንድ ዋንዛና አንድ ብርብራ አገኘን፤ በመካከላቸው አምስት እርምጃ፣ አናታቸው ላይ ደረቅ ቅርንጫፍ የለም፣ ቦታውም ዳገታማ ስለሆነ ውኃ አይተኛበትም። ዝናብ የጠገበ ደረቅ ቅርንጫፍ ነፋስ ሳይነካው በገዛ ክብደቱ እንደሚወድቅ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በዚያች ሌሊት ከሩቅ ሁለት ጊዜ ሲወድቅ ሰማሁ። ድምፁ ከመድፍ አይተናነስም።

በዝናብ አገር የአሠራሩ ቅደም ተከተል አንድ ነው፤ ጣሪያው ይቀድማል። ሸራው ሳይወጠር አልጋው ከቦርሳ አይወጣም፤ ጠዋት ደግሞ አልጋው ታጥፎ ሳይገባ ሸራው አይወርድም። በሁለቱ ዛፎች መካከል ዋናውን ገመድ ከራሴ ከፍ አድርገን ወጠርንና ሸራውን በላዩ ላይ ጣልነው። ሰፋ ያለ ቦታ ለማግኘት ጠርዞቹን ወደ ላይ ዘርግቼ ሳስር አዛውንቱ እየዞሩ ወደ ታች አወረዷቸው። ልክ ናቸው። ሸራዬ 12 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ከባድ ዝናብ 20 ሚሊሜትር ቢጥልበት 240 ሊትር ማለት ነው፤ አሥራ ሁለት ጀሪካን። ቁልቁለቱ ላላ ካለ ያ ሁሉ ውኃ መሃል ላይ ሆድ ሠርቶ ይቀመጣል፤ ናይለን ሲረጥብ ስለሚለጠጥ ሆዱ እየሰፋ ይሄዳል። ጎጃምና ጎንደር እረኛ በክረምት የሚደፋው ገሳ የሚሠራውም በዚሁ ሐሳብ ነው፤ ሣሩ ውኃ አያግድም፣ ቁልቁል አስይዞ ይሸኘዋል እንጂ። ካስማው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። የጫካው አፈር ከመበስበሱ የተነሣ ይዤው የመጣሁት የብረት ካስማ በእጅ ገብቶ በእጅ ይወጣል። ጋሼ ሁለቱን ማዕዘን ከዛፍ ሥር ጋር አሰሩት፣ ለሁለቱ ደግሞ የወደቀ እንጨት ክንድ ክንድ አክለው ጠርበው አግድመው ቀበሩት። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ አልነቃነቅም አለ።

አልጋው ላይ ደግሞ ትንሽ ስሌት አለ። ማሰሪያው ከአግድም ወደ 30 ዲግሪ ያህል ወርዶ ሲታሰር እያንዳንዱ ዛፍ ላይ የሚያርፈው ጫና የተኛው ሰው ክብደት ያህል ነው። 70 ኪሎ ከሆንክ በዚህም 70፣ በዚያም 70። ለማሳመር ብለህ ጥብቅ አድርገህ ወጥረህ 10 ዲግሪ ብታደርሰው ጫናው በየጎኑ ወደ 200 ኪሎ ይወጣል። ቋጠሮውም ማሰሪያውም የሚበጠሰው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ለጋሼ አላስረዳሁም፤ ላላ አድርጌ ሳስር ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀፎም ጥብቅ ተብሎ አይታሰርም አሉ። ቅርንጫፉ በነፋስ ሲወዛወዝ ገመዱ መወዛወዣ ይፈልጋል። የናይለኑ ገመድ ስለሚያንሸራትት በቋጠሮዬ ላይ አንድ ዙር ጨመሩበት። ያቺን ቋጠሮ እስካሁን እጠቀምባታለሁ። አንዱን ጫፍ ሲጎትቱት በአንዴ ይፈታል፤ ካልጎተቱት በሬም አይፈታውም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ከኪሳቸው የእንሰት ቃጫ አወጡና ማሰሪያው ላይ፣ በዛፉና በአልጋው መካከል፣ ስንዝር ያህል አንጠልጥለው አሰሩ። ለምን እንደሆነ ማታ ገባኝ። ዝናብ ሲጥል በግንዱ ላይ ውኃው እንደ ልቡ ይወርዳል፣ ማሰሪያው ጋ ሲደርስ መንገድ ይቀይርና ማሰሪያውን ተከትሎ ወደተኛው ሰው ይሄዳል። ቃጫው ያስቆመውና ወደ መሬት ያወርደዋል። ሃሞክ የሚሸጡ ኩባንያዎች በቡክሌታቸው ላይ ይህንኑ ይመክራሉ። ቃጫው ግን በነጻ ነው።

ዝናቡ ከመድረሱ በፊት ድምፁ ደረሰ። ከሸለቆው ማዶ ተነሣና የዛፎቹን አናት እያካለለ መጣ። የሚገርመው፣ በላያችን ላይ ከደረሰም በኋላ ለጥቂት ደቂቃ እታች ምንም አልነበረም። ቀረሮው ለራሱ ይቀበላል፤ ከሱ በታች ያለው ዋንዛና ሰሳ ድርሻውን ይወስዳል፤ ከነሱ ሥር ሐረጉ፣ በግንድ ላይ የበቀለው ፈርን፣ ከዚያ ቡናው፣ ከቡናው እግር ሥር ኮረሪማው። እያንዳንዱ ፎቅ ጠጥቶ ሲጠግብ ለታችኛው ይለቃል። ሲለቅ ደግሞ ከቅጠል ጫፍ የተጠራቀመው ጠብታ ከሰማይ ከመጣው ይበልጥ ትልቅና ከባድ ነው፤ ሸራዬን የመታው የመጀመሪያው ጠብታ እንደ ጠጠር ጮኸ። ዝናቡ ካባራ በኋላም ዛፎቹ ለረጅም ጊዜ መዝነባቸውን ቀጠሉ። እታች ላለ ሰው ሁለቱን መለየት አይቻልም። እኔ ደግሞ ሽቅብ እያየሁ ጋደም ብዬ ነበርና ይህ ሁሉ ሲሆን አየሁት። ድንኳን ውስጥ ብሆን ኖሮ የማየው ጨርቅ ነበር።

በሃሞክ ላይ ቀጥ ብሎ መተኛት ወገብ ያጎብጣል፤ በሰያፍ ሲጋደሙ ግን ጨርቁ ይዘረጋል፣ ጀርባም ይቃናል። የሚረሳው ነገር ብርዱ ነው። ሰው ቡና አገር ሞቃት ነው ብሎ ያስባል፤ ከሥርህ አየር ሲያልፍ ግን እኩለ ሌሊት ላይ ብርድ ልብስህ ከላይ እያለ ጀርባህ ይበርዳል። ስፖንጁን የያዝኩት ለዚህ ነው። በባትሪ መብራት ወደ ታች ሳይ ጉንዳን ሰልፉን ይዞ በቅጠሉ ላይ ያልፋል፤ ስፋቱ የእጄን መዳፍ ይሆናል፤ ዳር ዳሩን ትልልቆቹ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። ማታ ጋሼ በሁለቱ ዛፎች እግር ሥር አመድ የነሰነሱት ለዚህ ነበር። ሰልፉ አመዱን ዞሮ ሄደ። መሬት ላይ የተኛ ሰው ቢኖር ኖሮ ዞሮ የሚሄድ አይመስለኝም።

ከሸራዬ ጠርዝ የሚንቆረቆረውን ሰምቼ እንቅልፍ እስኪወስደኝ የት እንደሚሄድ በሐሳቤ ተከተልኩት። ጣናን አያውቀውም። ወደ ምዕራብ ወርዶ ከጊሎ ጋር ጋምቤላን አቋርጦ ፒቦር ይገባል፤ ፒቦርና ባሮ ሲገናኙ ሶባት ይሆናሉ፤ ሶባት ማላካል አጠገብ ከነጭ አባይ ይቀላቀላል። እኛ አባይ ስንል ሁልጊዜ የጎጃሙን ነው የምንዘፍነው፤ የሸኮ ዝናብ ግን በሌላ በር ዞሮ ካርቱም ላይ ይጠብቀዋል።

ጎህ ሳይቀድ ጉሬዛዎቹ ጀመሩ። የጉሬዛን ድምፅ ለማያውቅ ሰው መግለጽ ያስቸግራል፤ ከአንዱ ኮረብታ ያጉረመርማል፣ ከሌላው ኮረብታ ሌላው ቡድን ይቀበላል፣ እንዲህ እያለ ሸለቆውን ያዳርሳል። ብርሃን ሲሆን አንድ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ወፍ፣ መንቁሩ ላይ ሌላ መንቁር የደረበ የሚመስል፣ ከአናቴ በላይ አለፈ፤ ክንፉ አየሩን ሲቀዝፍ ከታች ይሰማል። ከዚያ በኋላ ነው ከጎኔ ያለውን ቡና በቅጡ ያየሁት። የዱሩ ቡና ከእርሻው ቡና ጋር አይመሳሰልም። ቀጭን ነው፣ ብርሃን ፍለጋ ተመዞ ከቁመቴ ሁለት እጥፍ አልፏል፣ ቅርንጫፉ የተራራቀ ነው፣ ፍሬውም ጥቂት ጥቂት ነው። በሐምሌ ገና አረንጓዴ ነው። ግንዱ እስከ ላይ ሽበት አብቅሏል። ስንቱ ሰው በዚህ ዛፍ ዘር እንደሚኖር ሲታሰብ የዛፉ ክሳት ያስገርማል።

ጋሼ ሊያዩኝ ሲመጡ ሃሞኩ ላይ እንዲጋደሙ ለመንኳቸው። ገጀራውን ዛፍ ላይ አስደግፈው በጥንቃቄ ተቀመጡ፣ ከዚያ እግራቸውን አነሡ። ትንሽ ተወዛወዙና «ይሄማ አንቀልባ ነው» አሉ። ሽማግሌው ለመነሣት አልቸኮሉም።

ቤታቸው ወርደን ጨሞ ጠጣን። የቡና ቅጠል ነው የሚፈላው፤ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣና የጓሮ ቅጠላ ቅጠል ይገባበታል፤ በቅል ይቀርባል። ፍሬው ለገበያ ነው፣ ቅጠሉ ለቤት። ሌሊቱን በርዶት ለነበረ ጀርባ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም። የቤቱ እማማ ሦስተኛውን ቅል ሲሰጡኝ እንቢ ማለት እንዳለብኝ አውቄ ነበር፤ አላልኩም።

ጋሼ በሃሞኩ ጉዳይ ከዚያ በኋላ አላነሡም። የጠየቁኝ ስለ ሸራው ነው። ስንት ያወጣል? ሰፊው አለ? የጓሯቸው ቡና ጥቅምት መጨረሻ ላይ ይለቀማል፤ የሚደርቀው ከመሬት ከፍ ተደርጎ በእንጨት በተሠራ አልጋ ላይ ነው፤ ዝናቡ ግን በዚያ ጊዜ ጨርሶ አልወጣም፣ እንደተሰጣ ይመጣበታል። የሚጠቀሙበት ላስቲክ ቡናው ላይ ተጣብቆ ያልበዋል፣ ሻጋታ ያመጣል። ማታ እኔ የወጠርኩትን ሲያዩ የታያቸው የሰው መኝታ አልነበረም፤ መሃሉ ከፍ ብሎ በገመድ የተያዘ፣ ግራ ቀኙ የተዳፋ፣ በሁለቱ አፍ አየር የሚያሳልፍ የቡና ጣሪያ ነበር። «የኔ አልጋ ስምንት ሜትር ነው» አሉ በክንዳቸው ልኬቱን እያሳዩ።

ከሸኮ ወደ ቴፒ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ሙቀቱም እየጨመረ ይሄዳል። ቴፒ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ደግሞ ቁንዶ በርበሬው በዛፍ ላይ ተንጠላጥሎ ይወጣል፤ ከተማዋ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል ያላትም ያለ ምክንያት አይደለም። ገበያ ውስጥ ለጭነት መኪና የሚሸጠውን ወፍራም ሸራ አየሁ፤ ይከብዳል። ለጋሼ ቀለል ያለውን መረጥኩና ሁለት ገዛሁ፣ ልብስ ሰፊ ቤት ወስጄ ሁለቱን በርዝመቱ አስገጠምኩ፣ ጠርዙ ላይ የብረት ቀለበት አስመታሁ፤ ወደ ሸኮ በሚመለስ ሚኒባስ ሹፌር እጅም ላክሁት።

አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ በቀበሌው ሰው ስልክ ተደወለልኝ። ጋሼ ናቸው። ሸራው ደርሷል፤ አልጋው ላይ ሞክረውታል፤ ልኩ ደህና ነው፤ ልብስ ሰፊው ግን መገጣጠሚያውን ልክ ገመዱ በሚያልፍበት ላይ ስላደረገው በስፌቱ በኩል ያንጠባጥባል። ሌላ ጊዜ ስትልክ፣ አሉኝ፣ ስፌቱን ወደ ጎን አስደርገው።